ለሐኪም እንዴት ቢከፈል ነው ሕክምና የሚሻሻለው?

ጥያቄ፦ «የምሠራው ለጤና ተቋማት ክፍያ በሚፈጽም መሥሪያ ቤት ነው። ተቋማቱና ሐኪሞቹ እንደ ውጤታቸው ቢከፈላቸው ጥራት ይጨምራል፣ ወጪም ይቀንሳል የሚል ሐሳብ ቀርቦልናል። በተለያዩ አገሮች ሲሞከር በእርግጥ እንዲህ ሆኗል? ከክፍያ ዓይነቶቹስ የቱ ይሻላል? ደግሞ አንዴ ከተጀመረ በኋላ ገንዘቡ ቢቋረጥ ምን ይከተላል?»

መልስ፦ አጭሩን ላስቀድም። አዎ፣ ክፍያ የሐኪምን ሥራ ይለውጣል። የሚለውጠው ግን የተከፈለበትን ነገር ነው። የተከፈለበትና የተፈለገው አንድ ሲሆኑ ደስ የሚል ውጤት ይገኛል። ሲለያዩ ገንዘቡም ይባክናል፣ በሽተኛም ይጎዳል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ዘርዘር ላድርገው።

ማበረታቻ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ቦነስ ነው። ግን ማበረታቻ የሌለው አከፋፈል የለም። በየአገልግሎቱ የሚከፈለው ሐኪም ብዙ ሰው ባየና ብዙ ምርመራ ባዘዘ ቁጥር ገቢው ያድጋል። በነፍስ ወከፍ የሚከፈለው፣ ማለትም በሥሩ ለተመዘገበ ለእያንዳንዱ ሰው በዓመት የተቆረጠ ገንዘብ የሚያገኘው፣ ሰው ባይታመምበት ይመርጣል። ይህ በሽታ እንዲከላከል ሊገፋው ይችላል። ከበድ ያለውን በሽተኛ ቶሎ ሪፈር ጽፎ እንዲሸኝም ሊገፋው ይችላል። ደመወዝተኛው 20 ሰው ቢያይም 40 ቢያይም የወሩ ገቢው ያው ነው። ስለዚህ አዲስ ቦነስ ሲጨመር ከነባሩ አከፋፈል ጋር መጋፋቱ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ነባሩ ነው፤ ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚያ ነዋ።

በጤና ላይ ነገሩ የሚከብድበት ምክንያትም አለ። ኢኮኖሚስቱ ኬኔት አሮው በ1963 ያስረዳው ይህንኑ ነው። በሽተኛው ምን እንደሚያስፈልገው የሚነግረው ሰውና አገልግሎቱን የሚሰጠው ሰው አንድ ናቸው። ሐኪም «ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል» ሲል ምጥ ላይ ያለች ሴት አትከራከርም። ሌላ ቦታ ሄዳ ዋጋ አታነጻጽርም።

በዚሁ በወሊድ ጉዳይ የአሜሪካን ታሪክ ይመልከቱ። ከ1970 እስከ 1982 ባለው ጊዜ እዚያ የሚወለዱ ሕፃናት መጠን ቀነሰ። ይህ ለማህፀን ሐኪም የገቢ መቀነስ ነው። በኦፕራሲዮን ለማዋለድ ደግሞ በምጥ ከማዋለድ የበለጠ ይከፈል ነበር። ጆናታን ግሩበርና ማሪያ ኦዊንግስ ግዛቶቹን ሲያነጻጽሩ፣ የወሊድ መጠን ይበልጥ በቀነሰባቸው ቦታዎች በኦፕራሲዮን ማዋለድ ይበልጥ ጨምሮ አገኙት። ለጭማሪው ሁሉ ምክንያቱ ይህ ነው አላሉም፤ ከፊሉን ነው የሚያስረዳው። ሐኪሞቹ ክፉ ሰዎች ስለነበሩም አይመስለኝም። ምጡ ረዝሟል፤ የሕፃኑ የልብ ምት ጥሩም መጥፎም አይባልም። «ትንሽ እንጠብቅ» እና «እናስገባት» የሚሉት ሁለቱም ሙያው የሚፈቅዳቸው ውሳኔዎች ናቸው። ገንዘብ የሚገባው እንዲህ ባለው ሁለት አማራጭ ባለበት ቦታ ነው። ሐኪሙ ራሱ እንኳ ላያስተውለው ይችላል።

የቻይናው ደግሞ በጣም ግልጽ ነው። ለብዙ ዓመታት የመንግሥት ሆስፒታሎች በሚሸጡት መድኃኒት ላይ 15 በመቶ ጨምረው እንዲያስቀሩ ይፈቀድላቸው ነበር። የመንግሥት ድጎማ ትንሽ ስለነበር የመድኃኒት ትርፍ የሆስፒታሉ መተዳደሪያ ሆነ። ውጤቱ አንቲባዮቲክ ለማያስፈልገው ሰው ሁሉ የሚታዘዝበት፣ ለቀላል ሕመም ግሉኮስ የሚሰቀልበት ሥርዓት ነበር። ከ2009 ጀምሮ በታችኛው እርከን ባሉ ተቋማት፣ በ2017 ደግሞ በሁሉም የመንግሥት ሆስፒታሎች ጭማሪው ቀረ። የመድኃኒት ወጪ ድርሻ ቀነሰ። ሆኖም ብዙ ጥናቶች እንዳሳዩት በምትኩ የምርመራና የሌላ አገልግሎት ገቢ ከፍ አለ። አንዱን በር ዘግተው ሌላውን ክፍት ከተዉት ገንዘቡ በዚያው ይወጣል።

ታይላንድ በአንድ አገር ውስጥ ሁለት አከፋፈል ጎን ለጎን የታየባት ናት። በ2002 ለአብዛኛው ሕዝብ የጀመረችው የጤና ሽፋን ለተመላላሽ ሕክምና የሚከፍለው በነፍስ ወከፍ ነው። ለተኝቶ ታካሚ ደግሞ ጣሪያ ባለው በጀት ሥር በሕመም ዓይነት የተተመነ ዋጋ አለው። ለመንግሥት ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ግን የተመላላሽ ሕክምናው በየአገልግሎቱ ይከፈል ነበር። በዚህኛው የአንድ ሰው ወጪ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። ውድ መድኃኒት ይበልጥ ይታዘዛል፤ በኦፕራሲዮን መውለድም ይበዛል። እዚያ ጡረተኞችና የሠራተኞች ወላጆች ስለሚበዙ ልዩነቱን ሁሉ በአከፋፈሉ ማሳበብ አይገባም። ቢሆንም ዕድሜ ብቻ የሚያመጣው ልዩነት አይደለም።

ወጪን መቀነስ ከሆነ ዋናው ጉዳይ፣ ብዙ አገሮች የተከተሉት መንገድ አሜሪካ በ1983 የጀመረችውን ነው። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት መድን እስከዚያ ድረስ ሆስፒታሉ ያወጣውን ይተካለት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በሕመሙ ዓይነት የተተመነ አንድ ጥቅል ዋጋ መክፈል ጀመረ። ሰውየው 5 ቀን ቢተኛም 12 ቀን ቢተኛም ሂሳቡ ያው ነው። በሽተኞች የሚተኙበት ቀን ወዲያው አጠረ። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም ባለሙያዎች የሕክምና ካርዶችን መርምረው ሞት አለመጨመሩን አረጋገጡ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ገና ሳይረጋጉ፣ ትኩሳታቸው ሳይበርድ ወይም የልብ ምታቸው ሳይስተካከል ወደ ቤት የተላኩ ሰዎች በዝተው ነበር። የሆስፒታሉን ወጪ ከፊል የተሸከመው ቤተሰብ ነው ማለት ነው።

በዚያው ሥርዓት ላይ በ1988 የሆነውን በተለይ እርስዎ ቢያውቁት ደስ ይለኛል፤ ከፋይ ነዎትና። ሜዲኬር የዋጋ ሠንጠረዡን ሲያሻሽል፣ ለአንዳንድ ሕመሞች «ውስብስብ ችግር ያለበት» በሚለውና «የሌለበት» በሚለው ኮድ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፋ (ኮድ ማለት ሆስፒታሉ ሕመሙን ለክፍያ የሚመዘግብበት መለያ ነው)። ሊሞር ዳፍኒ የተባለች ኢኮኖሚስት የሆነውን አጠናች። ልዩነቱ በሰፋባቸው ሕመሞች ላይ ሆስፒታሎቹ «ውስብስብ» የሚለውን ኮድ አበዙ። ለትርፍ የሚሠሩት ደግሞ ባሱ። የሚሰጠው ሕክምና ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየበትም። የተለወጠው ወረቀቱ ነው። ጥቅል ዋጋ ካለ የኮድ ቁጥጥር የግድ ይኖራል። በጀት ሲያዝም ይህ ከመጀመሪያው መቆጠር አለበት።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ፣ እንደ ውጤት ወደመክፈሉ እንምጣ።

በዓለም ላይ ከተሞከሩት ትልቁ የሚባለው የብሪታንያ ነው። በ2004 ለጠቅላላ ሐኪሞች 146 መለኪያዎች ወጡ፤ ከገቢያቸው ሩቡ ያህል ከነዚህ ጋር ተያያዘ። የደም ግፊት ተለክቷል ወይ፣ የስኳር በሽተኛው እግር ታይቷል ወይ፣ እንዲህ ዓይነት ናቸው። መንግሥት ሐኪሞቹ በመለኪያዎቹ ሊያገኙ ከሚችሉት ነጥብ 75 በመቶ ያህሉን ያገኛሉ ብሎ በጀት ያዘ። በመጀመሪያው ዓመት ከ90 በመቶ በላይ አገኙ፤ በጀቱም ተሰበረ። ጥሩ ጎኑን አልደብቅም። የአስምና የስኳር በሽታ ክትትል በፍጥነት ተሻሻለ። በድሃና በሀብታም ሰፈር መካከል የነበረው የአገልግሎት ልዩነትም እየጠበበ መጣ። ይህኛው ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ስኬት ነው፤ ብዙ ፕሮግራሞች ድሃውን ሲጎዱ ነው የምናየው።

ግን ዒላማው ከተመታ በኋላ የመሻሻሉ ፍጥነት ቀዘቀዘ። ከዚያም በላይ፣ ነጥብ የማያስገኙ ሥራዎች በአስምና በልብ በሽተኞች ላይ ወደ ኋላ ተመለሱ። በሽተኛው ሁልጊዜ አንድ ሐኪም ጋ የመታየቱ ነገርም ቀነሰ። ቤንት ሆልምስትሮምና ፖል ሚልግሮም በ1991 በሒሳብ ያሳዩት ይህንኑ ነበር። አንድ ሰው ብዙ ሥራ ኖሮት የሚለካው ከፊሉ ብቻ ሲሆን፣ ጉልበቱ ወደሚለካው ይሄዳል። በሕክምና ውስጥ ደግሞ የማይለካው ብዙ ነው። በሽተኛን ረጋ ብሎ ማዳመጥ የትኛው ኮድ ውስጥ ይገባል?

መለኪያው ራሱ ስህተት ሲያሠራ ያየሁበት ምርጥ ምሳሌ የሳንባ ምች ነው። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ከሚመዘኑባቸው ነጥቦች አንዱ፣ የሳንባ ምች ያለበት ሰው ሆስፒታል በደረሰ በ4 ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ መጀመሩ ነበር። በወረቀት ላይ እጅግ ምክንያታዊ ነው። አሁን ድንገተኛ ክፍሉን ያስቡ። አንድ ሽማግሌ እያሳላቸው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ይገባሉ። የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። የልብ ድካምም ሊሆን ይችላል። ኤክስሬይ ወረፋ አለው። ሦስተኛው ሰዓት ሊያልቅ ነው። ሐኪሙ ምን ያደርጋል? አንቲባዮቲኩን ይሰጣል፤ ምች ሆኖ ከተገኘ ነጥቡ አይቃጠልም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ምች ሳይኖርባቸው ምች ተብለው መድኃኒት የተሰጣቸው ሰዎች መጨመራቸውን አሳዩ። ገደቡ ወደ 6 ሰዓት ተራዘመ፤ ኋላም መለኪያው ጨርሶ ተሰረዘ።

ቦነሱ ሞት ይቀንሳል ወይ? ሁለት ተመሳሳይ ፕሮግራሞች የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። ፕሪሚየር የተባለው የሆስፒታሎች ኅብረት ከሜዲኬር ጋር በ2003 በጀመረው ሙከራ፣ የተሻሉት ሆስፒታሎች 1 ወይም 2 በመቶ ጭማሪ ያገኙ ነበር። ከ6 ዓመት በኋላ በ30 ቀን ውስጥ በሚያጋጥም ሞት ከሌሎች ሆስፒታሎች ልዩነት አልተገኘም። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በ2008 ያንኑ ቀድተው በ24 ሆስፒታሎች ሲጀምሩት ግን፣ በመጀመሪያዎቹ 18 ወራት የሞት መጠኑ በ1.3 የመቶኛ ነጥብ ቀነሰ። ልዩነቱ ከየት መጣ? ቦነሱ ጠቀም ያለ ነበር። ገንዘቡ ወደ ግለሰብ ኪስ አልገባም፤ ነጥቡን ላመጣው ክፍል ሥራ ማሻሻያ ዋለ። የሆስፒታሎቹ ሠራተኞች በየጊዜው ተገናኝተው ማን ምን አድርጎ እንደተሳካለት ይነጋገሩ ነበር። እኔ ከገንዘቡ ይልቅ ንግግሩ የሠራ ይመስለኛል። ያም ሆኖ ጥናቱ በረዥም ጊዜ ሲደገም ከሌላው እንግሊዝ ጋር የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ተገኘ።

የሩዋንዳው ሙከራ ደግሞ በአሠራሩ ንጽህና የማደንቀው ነው። ከ2006 እስከ 2008 በ166 ተቋማት ላይ ተጠና። ማነጻጸሪያ የሆኑት ተቋማትም ተመጣጣኝ ገንዘብ አግኝተዋል፤ ብቸኛው ልዩነት የእነሱ ገንዘብ ከውጤት ጋር አለመያያዙ ነው። በጤና ተቋም የሚወልዱ ሴቶች በ23 በመቶ ጨመሩ። ሕፃናት ለመከላከያ አገልግሎት መምጣታቸውም ጨመረ። አራቱንም የቅድመ ወሊድ ክትትል መጨረስ ላይ ግን ለውጥ አልመጣም። የዋጋውን ዝርዝር ቢያዩ አይገርምዎትም። ለአንድ ወሊድ ከ4 ዶላር በላይ ይከፈል ነበር፤ ለክትትሉ ግን ግማሽ ዶላር እንኳ አይሞላም። ደግሞም ሴትዮዋ አራት ጊዜ እንድትመላለስ ማድረግ በነርሷ እጅ ያለ ነገር አይደለም። መንገዱ አለ፣ የቤት ሥራው አለ፣ ባልየው አለ።

ቅጣትም ተሞክሯል። ሜዲኬር ከ2012 ጀምሮ በሽተኞቻቸው በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው በብዛት የሚተኙባቸውን ሆስፒታሎች እስከ 3 በመቶ ድረስ ይቀጣል። ተመልሶ መተኛት ቀነሰ። ከፊሉ ግን ሰው አልጋ ይዞ «ለክትትል ነው እንጂ አልተኛም» ተብሎ መመዝገቡ ነው። ድሆችን የሚያክሙ ሆስፒታሎችም ከሌላው የበለጠ ተቀጡ፤ በሽተኛቸው ከወጣ በኋላ መድኃኒት መግዣ እንደሌለው እየታወቀ። ሕጉ ተሻሽሎ ከ2019 ጀምሮ ሆስፒታሎች ከመሰሎቻቸው ጋር ብቻ ይነጻጸሩ ጀመር። የልብ ድካም በሽተኞች ሞት በዚሁ ምክንያት ጨምሯል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ አልጨመረም የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አልተቋጨም። ታይዋን በ2001 ለስኳር በሽታ ክትትል ተጨማሪ ክፍያ ስትጀምር ሌላ ነገር ታየ። ወደ ፕሮግራሙ ማን እንደሚገባ የሚመርጠው ሐኪሙ ነበር። ብዙ ሕመም የተደራረበባቸው ሰዎች እየተዘለሉ ቀሩ።

አሁን ለመሥሪያ ቤትዎ ከሁሉም ይጠቅማል የምለውን ልናገር። «ቦነሱ ሠራ ወይ?» ብለው ብቻ አይጠይቁ። «ይኸው ገንዘብ ያለ ቅድመ ሁኔታ በቀጥታ ለተቋሙ ቢሰጥስ?» ብለው ይጠይቁ። ካሜሩን፣ ናይጄሪያና ዛምቢያ ይህን ንጽጽር አድርገዋል። የዓለም ባንክ በ2022 ባወጣው ሪፖርት ነገሩን ጠቅለል አድርጎ አይቶታል። እንደ ውጤት መክፈል ምንም ካለማድረግ ይሻላል። ነገር ግን ገንዘቡን በቀጥታ ለተቋሙ ሰጥቶ ራሱ እንዲያዝበት ከማድረግ ጋር ሲነጻጸር ብልጫው ትንሽ ነው። ምክንያቱም ብዙ ቦታ የጎደለው የሠራተኛው ፍላጎት አይደለም። ጓንት ነው የጎደለው፣ ውሃ ነው፣ ሥልጠና ነው። ውሃ በሌለበት ማዋለጃ ክፍል ቦነስ ማንንም እጅ አያስታጥብም። በዚያ ላይ እንደ ውጤት ሲከፈል እያንዳንዱን መዝገብ የሚያጣራ ሰው ያስፈልጋል። የማጣሪያው ወጪ ብቻውን ከባድ ነው።

የቱ ይሻላል ላሉት፣ ብቻውን የሚሻል የለም። እኔ ብሆን ከመሠረቱ እጀምራለሁ። ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና በዕድሜና በሕመም ክብደት የተስተካከለ የነፍስ ወከፍ ክፍያ አደርጋለሁ። በዚያ ላይ እንዲበዙ ለምፈልጋቸው ጥቂት ነገሮች፣ ለምሳሌ ለክትባት፣ በየአገልግሎቱ ትንሽ እጨምራለሁ። ለተኝቶ ሕክምና በሕመም ዓይነት የተተመነ ዋጋ ከበጀት ጣሪያ ጋር ይሻላል። ቦነስ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያውም ሐኪሙ በእጁ ሊያደርጋቸው ለሚችላቸው፣ በቀላሉ ለሚረጋገጡ በጣት ለሚቆጠሩ ሥራዎች። ለቡድን እንጂ ለግለሰብ ባይሆን እመርጣለሁ። ባለፈው ውጤት ላይ የመጣውን መሻሻልም ይክፈሉበት፤ አለበለዚያ ድሮም ጥሩ የነበረው ብቻ ነው የሚሸለመው። በጊዜው መክፈልም አይረሳ። ስድስት ወር ዘግይቶ የሚደርስ ቦነስ ከየትኛው ሥራ ጋር እንደሚያያዝ ማንም አያስታውስም። ደግሞ የማይከፈልባቸውን ሁለት ሦስት ነገሮች መርጠው በጎን ይከታተሉ፤ እነሱ መውረድ ሲጀምሩ ያኔ ያውቁታል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ ቢቋረጥስ የሚለው፣ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው። እንግሊዝ ለጠቅላላ ሐኪሞች ከወጡት ከነዚያ መለኪያዎች የተወሰኑትን በ2014 ስትሰርዝ የተመዘገበው ውጤት ወዲያው ወደቀ። በጣም የወደቁት ሐኪሙ ራሱ «ምክር ሰጥቻለሁ» ብሎ የሚመዘግባቸው ናቸው። ላብራቶሪው በቀጥታ የሚያስተላልፋቸው ምርመራዎች የዚያን ያህል አልወረዱም። እንደኔ ግምት ቀድሞም ከፊሉ መዝገብ የመሙላት ጉዳይ ነበር። አርጀንቲና ሚሲዮኔስ በተባለው ክፍለ ግዛት ግን ሌላ ነገር ታይቷል። ነፍሰ ጡሮች ከ13ኛው ሳምንት በፊት ክትትል እንዲጀምሩ ለክሊኒኮቹ ለአጭር ጊዜ በሦስት እጥፍ ተከፈለ። ክፍያው ካቆመ ከ2 ዓመት በኋላም በጊዜ የሚመጡት አልቀነሱም። የሕፃናቱ የልደት ክብደት ግን አልተለወጠም፤ ይህንንም ማወቅ ይገባል። ክሊኒኮቹ በክፍያው ጊዜ የጤና ሠራተኞቻቸው ሰፈር ውስጥ ነፍሰ ጡሮችን እየፈለጉ የሚያመጡበትን አሠራር ዘርግተው ነበር። ገንዘቡ ሲያልቅ አሠራሩ ቀረላቸው። ዕቅዳችሁን ስታጸድቁ ይህን አንድ ጥያቄ በጽሑፍ እንዲመልስ ያድርጉት፦ ክፍያው በሚያበቃበት ማግስት ይህን ሥራ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው መዝገብ እየተመራ ይሠራዋል?